በግራሩ ሥር ያሉ ድንጋዮች

ገበየሁ ነጭ ቀለም ውስጥ የነከረውን ቡሩሽ ከግንቡ ስንዝር ያህል ሲቀረው አቆመው። ቀለሙ በእጀታው ተንጠባጥቦ ሱሪው ላይ ወረደ።

ግንቡ ወደ ክፋር ጋኒም ሰፈር የሚወስደው መንገድ ዳር ያለው የትምህርት ቤቱ አጥር ነው። የአራተኛ ክፍል ልጆች ወሩን ሙሉ በጋራ ሲስሉበት ቆይተዋል። እያንዳንዱ ልጅ ቤተሰቡ ወደዚህ አገር የመጣበትን መንገድ ይስልና ከጎኑ ካለው ልጅ መንገድ ጋር ያገናኘዋል። የአንዱ ሰዎች መርከብ ላይ ናቸው፤ የሌላው ባቡር ላይ። የገበየሁ ልጅ ደጊቱ የሳለችው በእግር የሚጓዙ ሰዎችን ነበር። የግንቡ ምረቃ ነገ ዓርብ ስለሆነ፣ ወላጆች ዛሬ የቀረውን ጠርዝ እንዲቀቡ ተጠርተዋል።

ገበየሁ ጠርዙን እየቀባ መጥቶ የልጁ ስዕል ጋ ሲደርስ ነው የቆመው። አንዲት ሴት ከተጓዦቹ ተለይታ ግራር ሥር ተጋድማለች። ጋቢው ፊቷን ሸፍኖታል። ከጋቢው የወጣው እጅ ላይ ሰማያዊ ዶቃ ታስሯል። አማቱን እንጉዳይን ለማወቅ ዶቃው በቃው።

እንጉዳይ እነሱን ተከትላ ከጎንደር እንደተነሣችና ሱዳን ሳትደርስ መንገድ ላይ እንደሞተች የሰሙት በቅርቡ ነው። ሚስቱ ይሻሽ ግን አልሰማችም፤ አራስ ናት። የእንጉዳይ ወንድም አያ ካሳው ከሽማግሌዎቹ ጋር መክረው፣ ለአራስ መርዶ አይነገርም አሉ። አራስነቷ ነገ ቢያበቃም የቅዳሜው ሰንበት በልቅሶ እንዳይገባ ለእሑድ ቀጠሩት። ይሻሽ የሕፃኗን ድምፅ በካሴት ቀድታ፣ ለእናቷ እንዲልክላት ለገበየሁ ሰጥታዋለች። ልኬዋለሁ ብሏታል። ካሴቱ አሁንም ደረት ኪሱ ውስጥ ነው።

ነገ ሕፃኗን ታቅፋ ከቤት የምትወጣው ይህን ግንብ ልታይ ነው።

ደጊቱ እየሳቀች መጣች። "የክፍላችን ልጅ ሽሙኤል፣ አባትሽ ከግንቡ ይልቅ ሱሪውን ቀባ ይላል" አለችው። ፊቱን ስታይ ሳቋን ተወች።

"መምህርትሽን ጥሪልኝ" አላት። የእሱ ዕብራይስጥ ከሚሠራበት ፋብሪካ በር አያልፍም። "ይህችን ቦታ በነጭ ልሸፍናት ነው በያት።"

ደጊቱ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም።

"እናትሽ ነገ ታየዋለች" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ማን ነገረሽ?"

"ደረጃው ላይ ስታወሩ ሰማሁ። እማዬ ስለ አያቴ ስታወራ ዝም እላለሁ፤ ለማንም አልተናገርኩም። እዚህ ግን የመጣችሁበትን መንገድ ሳሉ አሉን። ከሰዎቹ ጋር ስትሄድ ብስላት ውሸት ይሆናል። አልደረሰችማ።"

ገበየሁ ወደ ስዕሉ ዞረ። በሴትየዋ ዙሪያ ድንጋዮች ነበሩ፤ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ጠማማ፣ አንዱ እንደ እንቁላል ድቡልቡል። ሁሉም ከአንድ እጅ የወጡ አይመስሉም።

"ድንጋዮቹስ?"

"የክፍሌ ልጆች ናቸው የሳሉት። እዚህ አገር መቃብር ሲሄዱ ድንጋይ ያስቀምጣሉ። መጀመሪያ ሽሙኤል ሳለ፤ ከዚያ ሁሉም አንዳንድ ሳሉ።"

ገበየሁ ቡሩሹን ጣሳው ላይ አጋደመ። ልጇ ያላለቀሰችላትን ሴት፣ የማያውቋት ልጆች ቀድመው ቀብረዋታል።

መምህርቷ ሚርያም ከወዲያ ማዶ አይታቸው መጣች። "በሰደር?" አለች፤ ደህና ናችሁ ማለቷ ነው። ደጊቱ ምን ብላ እንደምትተረጉም ለማወቅ የአባቷን ዓይን ጠበቀች።

"ግራጫ ቀለም አላት ወይ በያት" አለ ገበየሁ።

ቀለሙ መጣለት። ቡሩሹ ወፍራም ስለሆነበት አውራ ጣቱን ነክሮ፣ ከልጆቹ ድንጋዮች ዳር አንድ ድንጋይ አኖረ። ሚርያም ቀለም የሚያስለቅቅ ነገር የነካ ጨርቅ ስታቀብለው፣ አልፈልግም ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

"አሁን ወደ ቤት ሂጂ" አላት ልጁን። "እናትሽን፣ አባቴ አያ ካሳው ዘንድ ሄደ በያት።"

"ለምን ሄደ ካለችኝስ?"

"እሱ ሲመጣ ይነግርሻል በያት።"

መንገዱን ተሻገረ። ነገ ማለዳ ሽማግሌዎቹን ይዘው እንዲመጡ አያ ካሳውን ይለምናቸዋል። ዓርብ ማታ ሰንበት እስኪገባ ይሻሽ ለማልቀስ ሙሉ ቀን አላት። አይሆንም፣ እሑድ ነው ካሉ ግን ብቻውን ይነግራታል። ኪሱን ዳሰሰና ካሴቱ መኖሩን አረጋገጠ፤ እሱንም ነገ ይመልስላታል።