የትንንሾቹ ቤቶች ኢንሹራንስ

ጉልላት የተባለ ደንበኛ የሞላው ማመልከቻ ዘሩባቤል ጠረጴዛ ላይ የደረሰው በሰኔ አጋማሽ ነው። ዘሩባቤል ወላይታ ሶዶ ውስጥ በአንድ የኢንሹራንስ ድርጅት ቅርንጫፍ ንብረት ገማች ነው፤ ቤት ይሁን መጋዘን ወይም ወፍጮ፣ እሱ ሄዶ ሳያየው ፖሊሲ አይወጣለትም። ፎርሙ ላይ «የንብረቱ ዓይነት» በሚለው ቦታ «በትርፍ ጊዜዬ የሠራኋቸው ትንንሽ ሞዴሎች፣ ብዛት ሰማንያ ስድስት» ተብሎ ተጽፏል።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አሉ የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ ወይዘሮ ሰርካለም፣ ፎርሙን እየሰጡት።

«የጥርስ ቴክኒሻኑ ጉልላት ነው። ትንንሽ ቤቶች ይሠራል። መስከረም ላይ ለጊፋታ በዓል ኤግዚቢሽን ሊያቀርባቸው ነው አሉ።»

«ታውቀዋለህ?»

«አብረን ነው የተማርነው።»

«እንግዲያው አንተው ሂድና እይለት።»

አብሮ መማር ብቻ አልነበረም። ሁለቱም አራዳ ሰፈር በአንድ አጥር ተጎራብተው ያደጉ ናቸው። ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ከካርቶንና ከቀርከሃ ስንጥር ቤት፣ ከሽቦ መኪና ይሠሩ ነበር። ያኔ ጎበዙ ዘሩባቤል ነው። እሱ ይለካል፣ ይቆርጣል፤ ጉልላት ሙጫ ይዞ አጠገቡ ይቆማል። ለወላጆች ቀን ዘሩባቤል የሠራው የመናኸሪያ ሞዴል አንደኛ ሲወጣ፣ እጁ እስኪቀላ ያጨበጨበው ጉልላት ነበር።

ከዚያ ዘሩባቤል ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ አካውንቲንግ ገባ። ለመጀመሪያው ክረምት ሲመለስ ጉልላት አዲስ የሠራውን ሊያሳየው ጠራው። ዘሩባቤል ግን «አንተ አሁንም የልጅ ሥራ አልተውክም?» ብሎ ስቆበት ሄደ። ከዚያ ወዲህ መቀስና ካርቶን በእጁ አልነካም። ጉልላት አልተወም። የጥርስ ቴክኒሻን ሆኖ እዚያው ሶዶ ክሊኒክ ሲቀጠር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚቀርጽባቸው ቀጫጭን መሣሪያዎች፣ ጂፕሰሙና ሽቦው ሁሉ ለትርፍ ጊዜ ሥራው ተመቹለት።

ዘሩባቤል ወሬውን በሩቅ ይሰማ ነበር። መጀመሪያ ሰዎች ፎቶውን በስልክ ሲቀባበሉ አየ። ቀጥሎ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ተማሪዎቻቸውን ይዘው ሊጎበኙት ሄዱ ተባለ። ከሁሉም የባሰው ግን ባለቤቱ ምሕረት የመንጋጋ ጥርሷ ተሰብሮ ክሊኒኩ በሄደች ጊዜ የሆነው ነው። ጉልላት ጥርሷን እየለካ ስልኩ ላይ ሥራዎቹን አሳያት። ያን ቀን እራት ላይ ሌላ ወሬ አልነበራትም።

«ዘሩ ሙት፣ ሥጋ ቤት ሠርቷል፤ የተሰቀለው ሥጋ የሩዝ ፍሬ ቢያክል ነው! ሰው እንዴት እንዲህ ያለ እጅ ይሰጠዋል?»

«ሥራ ፈት ሰው ምን የማይሠራው አለ» አለና ቀና ብሎም ሳያያት መብላቱን ቀጠለ። ከእሷ ጋር አሥራ አንድ ዓመት ሲኖሩ፣ ድሮ እሱም እንዲህ ያለ እጅ እንደነበረው ነግሯት አያውቅም። ያን ዕለትም አልነገራትም። አሁን ቢናገረው አድናቆት መለመን የሚሆንበት መሰለው።

ቅዳሜ ጠዋት ሊገምት ሄደ። ጉልላት ከበር ወጥቶ አቅፎ ሳመውና ከዋናው ቤት ጀርባ ወዳለችው ሰርቪስ ክፍል አስገባው። ሦስት ባለመስታወት መደርደሪያዎች ግድግዳውን ይዘውታል። ዘሩባቤል ብዙ አይደንቀኝም ብሎ ነበር የመጣው። በመጀመሪያው መደርደሪያ ፊት ሲቆም ግን ፎርሙን መክፈት ረሳ።

የሚያውቀው ከተማ ነበር። በሩ ላይ መጋረጃ የተንጠለጠለበት ባጃጅ፣ ጣሪያው ላይ የሙዝ ዘለላ የተጫነበት የአረካ ሚኒባስ፣ በረንዳ ላይ የተቀመጠ ልብስ ሰፊ። የሣር ክዳኑ እስከ መሬት የወረደ የወላይታ ቤት ደግሞ አለ፤ ከጓሮው የተተከለው እንሰት እያንዳንዱ ቅጠሉ በንፋስ እንደተሰነጠቀ ሆኖ ተሠርቷል። የቤቱ በር የአውራ ጣት ጥፍር ያክላል፤ ማጠፊያም አለው፣ ይከፈታል።

«መስኮቶቹን አየሃቸው?» አለ ጉልላት በደስታ። «ከታጠበ የራጅ ፊልም ነው። አንተ ነህ ያስተማርከኝ። ዘጠነኛ ክፍል እያለን፣ ትዝ አይልህም?»

ትዝ ይለዋል። ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ቃል ልቡ በራራ ነበር። ዘሩባቤል ግን ጉልላት እያሾፈበት መሰለው። የእኔን ይዘህ እዚህ ደረስክበት፣ እኔ ፎርም ይዤ ቆሜ ልቁጠርልህ፣ አለ በሆዱ። አፉ ግን «ቆየ እኮ» ብቻ አለ።

«ቆይ ሻይ ላምጣልህ» ብሎ ጉልላት ወጣ።

ዘሩባቤል ብቻውን ቀረና መቁጠሩን ቀጠለ። ሦስተኛው መደርደሪያ ጋ ሲደርስ ቀና ብሎ ኮርኒሱን አየ። ጥግ ላይ ትሪ የሚያክል ቡናማ ክብ አለ፤ በውስጡ ሌላ ክብ፣ በዚያም ውስጥ ሌላ። እጁን ከመደርደሪያው ጀርባ ሰደደ። እንጨቱ ርሷል። ቆርቆሮው ያፈሳል ማለት ነው፤ ያውም ከቆየ። ክረምቱ ገና መግባቱ ነው።

ሥራው እንዲህ ያለውን ማየትና መናገር ነበር። «ጣሪያህን አስጠግን፣ እስከዚያ መደርደሪያውን ከጥጉ አርቅ» ቢል በቃ። ፎርሙ ላይ «የጣሪያው ሁኔታ» የሚል መስመር አለ። ዘሩባቤል መስኮቶቹን ደግሞ አየና «ደህና» ብሎ ጻፈ።

ጉልላት ሻዩን ይዞ ገባ። ዘሩባቤል ሻዩን እየጠጣ ግምቱን ነገረው። ሥራዎቹን «በቤት ውስጥ የተሠሩ መጫወቻዎች» ብሎ መድቧቸዋል፤ ዋጋቸውን በእንጨቱ፣ በጂፕሰሙና በቀለሙ ብቻ አስልቶ፣ ጉልላት ፎርሙ ላይ ከገመተው ወደ አንድ ስድስተኛ አውርዶታል።

ጉልላት ወደ መደርደሪያዎቹ ዞረ። «አሥራ ሰባት ዓመት የፈጁ ናቸው» አለ። «ግን አንተ ካልክ ይሁን። እኔ የራሴን ዋጋ መገመት አልችልበትም።» ፈረመ። ዘሩባቤል ወደ ቤቱ ሲመለስ ከብዙ ጊዜ በኋላ ልቡ ቀለል ብሎት ነበር።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ ጉልላት ከክሊኒኩ ባልደረቦች ጋር ነፃ የጥርስ ሕክምና ሊሰጥ ሁምቦ ወርዶ አራት ቀን ቆየ። እዚያ ጠብታ አልጣለም፤ ሶዶ ግን ዳሞታ ተራራ በደመና ተሸፍኖ ዝናቡ አራቱንም ቀን ሲወርድ ከረመ። ሲመለስ በሩን ከፈተና መጀመሪያ የደወለው ለድርጅቱ ሳይሆን ለዘሩባቤል ነበር።

«ዘሩ፣ ና እባክህ» ብቻ አለው።

ዘሩባቤል ሲደርስ ኮርኒሱ ወርዶ፣ ሦስተኛው መደርደሪያ በሁለተኛው ላይ ተደፍቶ አገኘው። የጂፕሰሙ ሥራ ሟሙቶ እንደ አጥሚት ወለሉ ላይ ፈሷል። የካርቶኖቹ ቤቶች አብጠው ተሰነጣጥቀዋል። ጉልላት መሬት ላይ አንሶላ አንጥፎ፣ በወረንጦ ስብርባሪ እየለቀመ በመስመር ይደረድራል። አንድ ጣት የማይሞላ ሰው ከጭቃው አወጣና በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው፤ ጭንቅላት አልነበረውም።

«ሠላሳ ዘጠኝ» አለ ጉልላት ቀና ሳይል። «ሠላሳ ዘጠኙ አይጠገኑም።»

ዘሩባቤል በዚያች ቅጽበት የተሰማው ደስታ ነበር። ለአንድ ትንፋሽ ያህል፣ ምንም የማያሳፍር፣ ንጹሕ ደስታ። ወዲያው ደነገጠ። ሳል የያዘው መስሎ ወደ ደጅ ወጣና ከግድግዳው ተደግፎ ቆየ። ከዚያ ተመልሶ ፎቶ አነሳ፤ ሥራው ነዋ።

ወይዘሮ ሰርካለም ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አዩ። የወደቀው የኮርኒስ ስባሪ ላይ ሲደርሱ መነጽራቸውን አስተካከሉ።

«ይህ ነጠብጣብ የአራት ቀን ዝናብ አይደለም። የዓመታት ነው። ከውሉ በፊት ሲያፈስ የቆየ ጣሪያ ለሚያደርሰው ጉዳት እንደማንከፍል ታውቃለህ። አንተ ደግሞ ሰኔ ላይ ደህና ነው ብለሃል።»

«አዎ።»

«እንግዲያው ቀለም ቀብቶ ደብቆብህ ነው። እንደዚያ ብለህ ሪፖርት ጻፍና ፋይሉ ይዘጋ።»

ዘሩባቤል ሪፖርቱን ጻፈው። «ባለንብረቱ ጉድለቱን ሆን ብለው በመሸፈናቸው» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ጻፈና አተመው፤ ሳይፈርም ቦርሳው ውስጥ ከተተው። ሁለት ቀን ይዞት ወጣ፣ ይዞት ገባ።

በሁለተኛው ቀን ከሥራ ሲመለስ ምሕረት ዓይኗ ቀልቶ አገኛት። ጉልላትን ልትጠይቅ ሄዳ ነበር።

«ለምን አልነገርከኝም?» አለችው።

ቦርሳውን ወደ ጎኑ ሳበ። «ምኑን?»

«አንተ ትሠራ እንደነበር! ጉልላት ነው የነገረኝ። ‹ዘሩ ቢቀጥል ኖሮ ዛሬ እኔ የእሱ ሙጫ ያዥ ነበርኩ› አለኝ። በዚያ ሁሉ ጭቃ መሀል ቁጭ ብሎ ስላንተ ነው ሲያወራ የዋለው። ደግሞ ምን አለኝ መሰለህ፤ ‹ያኔ የልጅ ሥራ ነው ብሎ ሲስቅብኝ ሦስት ወር አልሠራሁም። እሱ የናቀው ነገር ዋጋ ያለው አይመስለኝም ነበር› አለ።»

ዘሩባቤል ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ስትቀናበት የኖርከው ሰው የአንተን ቃል ሲጠብቅ ከነበረ፣ ያ ሁሉ ዓመት ምን ነበር? ይህን ማሰብ አቃተው።

በማግስቱ ያተመውን ሪፖርት ወይዘሮ ሰርካለም ፊት ቀደደውና የሆነውን ነገራቸው። ነጠብጣቡን እንዳየ፣ እንጨቱን እንደዳሰሰ፣ አውቆ «ደህና» እንዳለ።

«ለምን?» አሉት። የተቀደደውን ወረቀት ሰብስበው ወደ ጎን አደረጉት። «ሥራህን ሊያሳጣህ የሚችል ነገር እኮ ነው የምትነግረኝ።»

«አውቃለሁ።»

ሥራውን አላጣም። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው፣ ከግምት ሥራ ተነሳ፣ አረካ ወዳለችው ትንሽ አገልግሎት መስጫ ተዛውሮ የባጃጅና የሞተር ሳይክል የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ እንዲሸጥ ተደረገ። ጥፋቱ የድርጅቱ ገማች ስለሆነ ለጉልላት ካሳ ይከፈለው ተባለ። ነገር ግን ካሳው ፖሊሲው ላይ ከተጻፈው አያልፍም፤ የተጻፈው ደግሞ ያው ዘሩባቤል ያወረደው አንድ ስድስተኛ ነው። ይህን ማንም ሊያስተካክለው አልቻለም።

ለጉልላት ራሱ ሄዶ ነገረው። ጉልላት አዲስ በተመታው ኮርኒስ ሥር ቆሞ መደርደሪያ ሲያጥብ ነበር። ውሃው ከጨርቁ እየተንጠባጠበ ሁሉንም ሰማው።

«ሻይ ላመጣልህ ስወጣ ነው?» አለ በመጨረሻ።

«አዎ።»

«ከዚያ ሻዩን ጠጣኸው።»

«ጠጣሁት። ቀንቼብህ ነበር፣ ጉሌ። ከድሮ ጀምሮ።»

«እኔ እኮ እስካሁን የናቅከኝ ነበር የመሰለኝ» አለ ጉልላት። ጨርቁን ጣለው። «ብትንቀኝ ይሻለኝ ነበር። አሁን ውጣልኝ።»

ዘሩባቤል ወጣ። ሁለት ጊዜ ደወለለት፤ አላነሳም። ከዚያ በኋላ አልደወለም።

መስከረም ላይ ለጊፋታ ከተማው ሲደምቅ፣ ዘሩባቤል ከአረካ በሚኒባስ መጣና ከምሕረት ጋር ወደ ኤግዚቢሽኑ ሄዱ። እሱ መሄድ አልፈለገም ነበር፤ እሷ ናት እጁን ይዛ የወሰደችው። የጉልላት ጠረጴዛ ፊት ሰልፍ ነበር። ሰው ጎንበስ ብሎ ያያል፣ ይስቃል፣ የራሱን ሰፈር ፈልጎ ለልጁ ያሳያል። ከዝናቡ የተረፉት አርባ ሰባቱ ናቸው። መሀላቸው ግን አንድ አዲስ ሥራ አለ፤ የገበያ ቀን፣ ጃንጥላ የዘረጉ ሴቶች፣ የቆጮ ጥቅልል፣ ቅቤ በቅል የያዘች አሮጊት። ሁለት ወር ባልሞላ ጊዜ የተሠራ ነው፤ ከጠፉትም ከተረፉትም ይበልጣል።

ዘሩባቤል ጎንበስ ብሎ አየው። ተናዝዤ ተገላገልኩት ያለው ቅናት እዚያው ነበር። ብቻ አሁን ስሙን ያውቀዋል።

ጉልላት ከጠረጴዛው ጀርባ ምሕረትን ሳማት። ለዘሩባቤል እጁን ዘረጋለት፤ እንደ ድሮው አላቀፈውም።

«በጣም ያምራል» አለ ዘሩባቤል። ይህን ቃል ከአፉ ለማውጣት ሃያ ዓመት የፈጀበት መሰለው። «ይሄኛውን... ኢንሹራንስ አስገባኸው?»

«ሌላ ድርጅት አስገብቼዋለሁ። አንዲት ልጅ መጥታ ገመተችው። መሰላል አስመጥታ ቆርቆሮው ላይ ሳይቀር ወጣች።»

«ጎበዝ ናት» አለ ዘሩባቤል።

«ጎበዝ ናት» አለ ጉልላትም፣ ከኋላቸው የቆሙትን ሰዎች እያየ።

ሰልፉ ገፋቸውና አለፉ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ መንገድ ላይ ሲገናኙ ቆመው ይጨባበጣሉ፣ ስለ ጤናና ስለ ቤተሰብ ይጠያየቃሉ። ወደዚያች ክፍል ግን ጉልላት ጠርቶት አያውቅም፤ እሱም ልምጣ አላለም።