የሐሙስ ተሳትፎ

ተማሪዎቹ ከጀርባው «ጋሽ አማካይ» ይሉታል፤ ሃያ አንድ ዓመት ስታትስቲክስ ያስተማረ ሰው ሌላ ምን ሊባል ኖሯል? ዘንድሮ ሰኞ ሰኞ ክፍል ውስጥ፣ ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ ከቢሮው በኢንተርኔት ያስተምራል። መከራው የሐሙሱ ነው። ሰማንያ ተማሪ ካሜራውን ዘግቶ ጭጭ ይላል።

የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ አስጠራችው። «ጋሼ፣ ተሳትፎው ካልጨመረ ኮንትራትዎን ማሳደስ ይከብደኛል» አለችው፤ ያውም እሱ ራሱ ያስተማራት ልጅ። ግን የሁለት ልጆች አባት አኩርፎ የት ይደርሳል? መላ ዘየደ፦ በየሐሙሱ ሦስት ጊዜ አስተያየት ያልጻፈ የዕለቱ ነጥቡ ዜሮ ነው።

ጭጭ ያለው ሁሉ አፍ አወጣ። «ገብቶኛል መምህር»፣ «ግሩም ማብራሪያ» እያለ ያዘንበው ጀመር። ጋሽ አማካይም ሞኝ ነውና አመነ፤ ለሚስቱ ሳይቀር እያነበበ ያሰማት ነበር።

ሴሚስተሩ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ አንድ ሐሙስ ላቡ ጠብ እስኪል አስተምሮ ኮምፒውተሩን ሊዘጋ ሲል ማይክሮፎኑ ላይ ቀይ ሰረዝ አየ። የዕለቱ ክፍለ ጊዜ ከተጀመረ አንስቶ ዝግ ነበር። አንድ ቃል ለማንም አልደረሰም። በዕለቱ የተጻፉለትን አስተያየቶች ቆጠረ፤ ሁለት መቶ ሠላሳ ሰባት። «የዛሬው ደግሞ ይበልጥ ግልጽ ነበር» ያለም አለ። ውሃ ሲወቅጥ እንደከረመ ያኔ ታየው፤ ብቻውን ቁጭ ብሎ አፈረ።

ምንም ያልጻፈች አንዲት ልጅ ብቻ ነበረች። በማግስቱ ቢሮው መጣች።

«መምህር፣ ትናንት ምንም አልተሰማኝም። ሁሉም ገብቶኛል ሲል ስልኬ የተበላሸ መስሎኝ ሦስቴ አጥፍቼ አበራሁት። ዜሮው ቢነሳልኝ ብዬ ነው።»

ዜሮዋን ለማንሳት ማይክሮፎኑ ዝግ እንደነበር ለኃላፊዋ መጻፍ አለበት፤ ያን ከጻፈ የሌሎቹም ጉድ አብሮ ይወጣል። ጠረጴዛው ላይ ደግሞ ኃላፊዋ ጠዋት የላከችው አዲሱ ኮንትራት፣ ተሳትፎውን ከሚያመሰግን ደብዳቤ ጋር፣ ፊርማውን ይጠብቃል።

«ስልክሽን አሠሪ» አላት፣ ፊቷን ሳያይ። «ደግሞ ዝም አትበይ። የሆነ ነገር ጻፊ።»

«እሺ መምህር።» ደብተሯን አወጣች። «ምን ብዬ ልጻፍ?»

ሴሚስተሩን ሙሉ ከተማሪ የቀረበለት ብቸኛ ጥያቄ ነበር። ጋሽ አማካይ ነገራት፤ እሷም ቃል በቃል ጻፈችው።