ነጩ ባንኮኒ ላይ ያለው ክብ

«ኳርትዝ ድንጋይ ነው ብሎ ፕላስቲክ ነው የገጠመልን፤ ሌላ ምን ትለዋለህ?»

«ገጣሚው ይምጣና ይየው አልኩሽ እኮ። ሰው ሳይጠየቅ አይሰቀልም።»

«አንተ ለሁሉም ጠበቃ ነህ፤ ለእኔ ሲሆን ብቻ ነው ዳኛ የምትሆነው።»

ባልና ሚስቱ ከጠዋት ጀምረው እንዲህ ሲባባሉ፣ የባልየው ታላቅ እህት እታለም ኩሽናው በር ላይ ቆማ የደረቀውን ሰሃን ደግማ ታደርቃለች። ከምድጃው ጎን፣ ነጩ ባንኮኒ ላይ፣ የድስት ቂጥ የሚያህል ቢጫ ክብ ወጥቷል። ያወጣችው እሷ ናት። ትናንት ረፋድ ላይ የፈላ ድስት አውርዳ እዚያው አስቀመጠች፤ ስታነሳው ክቡን አየችው። ደንግጣ በበረኪና ብትፈትገው ጭራሽ ወዙም አብሮ ሄደ።

ሙሽሪት፣ ሚስትየው ከተዳረች ስምንት ዓመት ቢሆናትም በቤቱ የምትጠራው እንዲህ ነው፣ ያንን ድንጋይ ለመምረጥ አንድ ወር ሙሉ ናሙና በቦርሳዋ ይዛ ዞራለች። እብነ በረዱን ሎሚ ይበላዋል ብላ ተወችው፤ ግራናይቱ ጨለመባት። እታለም ደግሞ ባሏ ከሞተ ወዲህ የምትኖረው ከኩሽናው ጀርባ ባለችው ክፍል ነው። ባለፈው ወር ሙሽሪት «ያቺ ክፍል ዕቃ ቤት ብትሆንስ» ስትል በግድግዳው ሰምታለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስታስነጥስ እንኳ አፏን በነጠላዋ አፍና ነው። ሌላ መሄጃዋ የአክስቷ ልጅ ናት፤ እሷም «ለሳምንት ከሆነ» ብላታለች።

ድንጋይ ገጣሚው መጣ። ጎንበስ ብሎ ክቡን በጥፍሩ ዳበሰው።

«ትኩስ ነገር ነው» አለ።

«ድንጋይ አይደለም እንዴ?» አለች ሙሽሪት።

«ድንጋዩስ ድንጋይ ነው፣ እትዬ። እሳት የማይወደው የሚያያይዘው ሙጫ ነው። የገጠምኩ ዕለት ለጋሼ ነግሬያቸዋለሁ። ድስት ሲወርድ ከሥሩ ማስቀመጫ፤ ሲጸዳ ለስላሳ ጨርቅና የዕቃ ሳሙና፤ በረኪና አይንካው ብያለሁ።»

ወንድምየው አንገቱን አከከ። በዚያው ዕለት ማታ ባንኮኒውን በመዳፉ እየመታ «እታለም፣ ድንጋይ ነው፤ እሳት ብታነጂበትም ምንም አይለውም» ያላት እሱ ነበር።

«ለእኔ የነገረኝ የለም» አለች ሙሽሪት ስልኳን እያነሳች። «ለአለቃህ እደውላለሁ።»

«ከደወሉ እኔን ነው የሚያባርሩት» አለ ሰውዬው።

እታለም ሰሃኑን አስቀመጠች።

«እኔ ነኝ» አለች። ድምፅዋ ለራሷም አልተሰማትም፤ ደገመችው። «ድስቱን ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። በረኪናውም የእኔ ነው።»

ወንድሟን አየችው። «እኔ ነኝ ያልኳት» ቢል ይበቃት ነበር። እሱ ዓይኑን ከክቡ አላነሳም።

«ይቺን ብቻ ቆርጦ መተካት ይቻላል?» ሲል ገጣሚውን ጠየቀ።

«ከዚያው የድንጋይ ሰሌዳ ካልተገኘ ቀለሙ አይገጥምም።»

«በገዛ ቤቷ ቢሆን አታደርገውም ነበር» አለች ሙሽሪት ዞር ሳትል። «እስቲ ለካው» አለ ወንድምየው ገጣሚውን።

እታለም ወደ ክፍሏ ገብታ ሁለት ቀሚሶቿንና ፎጣዋን በፌስታል ከተተች። መውጫው በኩሽናው በኩል ብቻ ነው። ሦስቱም ባንኮኒው ላይ አጎንብሰዋል።

«ከግድግዳው ስንት መጣ?»

«ስልሳ ሁለት ሴንቲ» አለ ገጣሚው።

«ጫፉን ያዢልኝ እስቲ» አለ ወንድምየው ሜትሩን ተቀብሎ።

ሙሽሪት የሜትሩን ጫፍ ያዘች። እታለም ከጀርባቸው አልፋ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

«ስልሳ ሁለት ተኩል ነው» አለ ወንድምየው።