ነጩ ፓውደር

«መቼም አሟሟቱን አሳምሮለታል፤ በልጁ እጅ ላይ» አለች ጎረቤታቸው፣ ከጠዋት ጀምሮ ለገባው ለቀስተኛ ሁሉ ስትደግመው የዋለችውን። ሴቶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ነርሷ ከእናቷ አጠገብ አቀርቅራ ተቀምጣ እጇን ሹራቧ ኪስ ውስጥ ከተተች። አረንጓዴዋ ካርድ እዚያው ናት። አባቷ ከሞተ ይኸው ሦስት ቀኑ፣ ካርዷን ለማንም አላሳየችም።

የምትሠራው ሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል መግቢያ ላይ፣ ከመስኮቱ ኋላ ነው። የመጣውን ሁሉ መጀመሪያ የምታየው እሷ ናት። ቀይ ካርድ የሰጠችው ሳይቀመጥ ይገባል፣ ቢጫ የያዘ ጥቂት ይታገሣል፣ አረንጓዴ የደረሰው ወንበር ይዞ ተራውን ይጠብቃል። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ዓይኗ ስቶ አያውቅም ይባልላታል። አዳዲስ ነርሶች ሲመጡ አንድ ነገር ሳትነግራቸው አታልፍም፦ «ፊት ይዋሻል። ሰው እኛ ፊት ሲቆም ወይ ይኮራል ወይ ያፍራል። ማጅራቱን ዳስሱት። ቀዝቃዛ ላብ ካገኛችሁ ወሬውን ትታችሁ ወደ ውስጥ አስገቡት።»

የአባቷን ማጅራት አልዳሰሰችም።

አባቷ ፀጉር አስተካካይ ነበር። ሰፈሩ «ምላጭ» ነበር የሚለው፣ ምላሱ ስለማያርፍ። ሱቁ ከሆስፒታሉ ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ስለነበር ደንበኛ ሲጠፋ በሽታ ፈልስፎ ይመጣል፤ አንድ ቀን ጉልበቱን፣ አንድ ቀን ጆሮውን። «ሲስተር፣ የልጅ ናፍቆት ይዞኛል፣ መድኃኒት አላችሁ?» ይላል ከሰልፉ መሀል፣ ወረፋ የያዘው ሁሉ ይስቃል። እሷ ታፍራለች፤ ደግሞም ደስ ይላታል።

ያን ቀን የሥራ ካፖርቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ መጣ።

«ዛሬ ደግሞ ምን ሆንክ አባዬ?»

«ጨጓራዬ። እዚህ ጋ ጫን ብሎኛል።»

ግንባሩና አንገቱ ደንበኛ ከላጨ በኋላ በሚነሰንሰው ፓውደር ነጭ ብሏል።

«ራስህን ነው እንዴ ስትላጭ የዋልከው?»

«ደንበኛ ሲጠፋ ምን ላድርግ ታዲያ?»

ሳቀች። ከኋላው ክንዱ የተሰበረ ሰው ያቃስት ነበር። አረንጓዴ ካርድ አቀበለችውና «ቁጭ በል፣ ይኼን ስጨርስ እመጣለሁ» አለችው። ምንም ሳይመልስ ሄደ። ምላጭ መልስ ሲያጣ ያን ጊዜ ልብ ማለት ነበረባት።

ከአርባ ደቂቃ በኋላ ከወንበሩ ተንሸራቶ ወደቀ። ሐኪሙ እጇን ይዞ እስኪያስቆማት ድረስ ደረቱን ስትጫን የነበረችው እሷ ናት። የልቡ ደም ሥር ተዘግቶ ነው አሏት። ከዚያ ወዲህ ዓይኗን በከደነች ቁጥር ግንባሩ ነጭ እንደሆነ መስኮቱ ላይ ይቆማል። ተራውን ይጠብቃል።

ከሰዓት በኋላ የሆስፒታሉ በር ጠባቂ መጣ። «ያጽናሽ ሲስተር» ብሎ አጠገቧ ተቀመጠና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ልንገራት አልንገራት ስል ሦስት ቀን እንቅልፍ የለኝም።»

«ይንገሩኝ ጋሼ።»

«አባትሽ በሩ ላይ ሲደርስ ሸሚዙ በላብ ርሶ ነበር። የእኔ ወንበር ላይ አረፍ አለ። ፊቱን በፎጣ ይጠርጋል፣ ማጅራቱን ይጠርጋል፣ ላቡ አልቆም አለ። ኋላ ያቺን የፓውደር ቆርቆሮ ከኪሱ አውጥቶ ተቀባና ካፖርቱን ቆለፈ። ‹ልጄ እንዲህ ሆኜ ካየችኝ ትደነግጣለች› አለኝ። ‹አሁን ደህና እመስላለሁ?› ሲለኝ ‹ሙሽራ ትመስላለህ› አልኩት።» ሽማግሌው እንባውን በመዳፉ ጠረገ። «ይዤው ልግባ አላልኩም።»

ነርሷ ኪሷ ውስጥ ካርዷን ጨበጠች። ይህን ስትሰማ የሚቀልላት መስሏት ነበር፣ አልቀለላትም። አንዴ ብትዳስሰው ፓውደሩ መዳፏ ላይ ሊጥ ይሆን ነበር።

ሰው ሲሳሳ ካርዷን አውጥታ እናቷ ጉልበት ላይ አኖረቻት።

«እማዬ፣ በእጄ ላይ አይደለም የሞተው። ይቺን ሰጥቼው ወንበር ላይ ተራ ሲጠብቅ ነው።»

እናቷ ካርዷን አገላብጣ አየቻት።

«ጠዋት ፊቱ ልክ አልነበረም» አለች በመጨረሻ። «ሌላ ሐኪም ቤት ልሂድ ሲለኝ ‹ልጅህ እያለች?› ብዬ ወዳንቺ የላክሁት እኔ ነኝ። ባዕድ ቢያየው እንደ በሽተኛ ያየው ነበር።»



«አንቺስ እማዬ፣ የሚያምሽ ነገር አለ?»

«ደህና ነኝ።»

ነርሷ እጇን በእናቷ ሻሽ ሥር ሰደደችና ማጅራቷ ላይ አሳረፈችው። ደረቅ ነው፣ ሞቅ ይላል። ጎረቤታቸው በሩ ላይ አዲስ ለመጣ ሰው «በልጁ እጅ ላይ» ስትል ተሰማ። ነርሷ እጇን አላነሳችም።