የጆሽዋ ሆልት ሌላ ስም

«ያ ነጭ ጸሐፊ ሲያይህ ምን አለ?»

«ምን ይላል፣ ጆሽዋ ብሎ ጻፈና ሱሪ ወረወረልኝ።»

«ለኔም ኤኖስን ከነኮፍያው ሰጠኝ!»

ሱዛና ይህን የሰማችው ከሃያ ሰባት ዓመት በፊት፣ አዲስ ሙሽራ ሳለች፣ በመስኮት በኩል ነው። ባሏ ጆሽዋና ኤኖስ ማንጎው ሥር ተቀምጠው ነበር። በልጅነታቸው እንግሊዞች ከባሪያ መርከብ አስጥለው ፍሪታውን ያወረዷቸው ናቸው። መሳቃቸው ትዝ ይላታል። ኋላ አንደኛው ማልቀሱም ትዝ ይላታል፤ የትኛው እንደነበር ግን ጠፍቷታል።

አሁን ጆሽዋ ከሞተ ሠላሳ ስምንት ቀኑ ነው። ዓመቱ በፈረንጅ አቆጣጠር 1859፣ ክፉ ዓመት ነው። ፈንጣጣ ከተማውን አዳረሰው፤ አናጢው ጆሽዋም ዝናቡ ሳይገባ ጀምሮ የጎረቤቱን ሁሉ የሬሳ ሣጥን ሲሠራ ከረመ። የራሱ ተራ ሲደርስ ጣውላ አልቆ የቤቱን በር ነቅለው ሣጥን ሠሩለት። ለቀስተኛ የሚገባው በበሩ ቦታ የተንጠለጠለውን አንሶላ እየገለጠ ነው።

እንደ ሐዘን ቤት ወግ መስታወቱ ወደ ግድግዳ ዞሯል። ለለቀስተኛው የዝንጅብል ውሃ ይታደላል።

«በሰባቱ ቀን ያየሁትን አይቻለሁ» አለች ጎረቤቷ ማሚ ፌቢ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ምግቡን ግቢው ውስጥ በቆፈርነው ጉድጓድ አኖርንለት፤ ጆሽዋ ብለን ጠራን፤ መብላቱን እንዲነግረን የኮላውን ፍሬ ለአራት ከፍለን ጣልን። ሦስቴ! ሦስቴም በፊቱ ተደፋ፤ እምቢታ ነው። ሰውዬው አልበላም።»

«በቁሙም ምግብ ይመርጥ ነበር እኮ» አለች አንዷ። ሱዛና ሳታስበው ፈገግ አለች።

«ቀልዱን ተዪው! ጆሽዋ የጸሐፊ ስም ነው፤ እናቱ አታውቀውም። አርባው ካለፈው እንደተራበ መቅረቱ ነው። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያውቅ ደግሞ ኤኖስ ብቻ ነው።»

«ሁለቴ ጠየቅኩት፤ እምቢ አለ» አለች ሱዛና።

«ለሦስተኛ ጊዜ ጠይቂዋ! ወይ ደጁ ላይ ተኚበት።»

እግዚአብሔር ይቅር ይበለንና፣ እኛ የከተማው ሰዎች እሑድ ጸሎት ቤት እንሄዳለን፤ ለሙታኖቻችንም ጉድጓዱን እንቆፍራለን። ፓስተሩ እንዲህ ሲያደርግ የተገኘውን ከጸሎት ቤቱ ማኅበር እንደሚያስወጣ ተናግሯል። ኤኖስ ደግሞ የማኅበሩ መሪ ነው። ለቅሶ ቤቱን አልረገጠም፤ ቀብሩም ላይ አልነበረም። ሱዛናን የቆረጣት ይሄ ነው። ጆሽዋ አዲሱ የቦዬ ሥር ለምግብ በደረሰ ቁጥር፣ ልጆቹ እንኳ ሳይቀምሱ፣ የመጀመሪያውን ሳህን ለኤኖስ ይልክ ነበር። መንገድ ሲሄዱም ከኋላው እንጂ ጎን ለጎን አይራመድም ነበር። «አሽከሩ ነህ ወይ?» ስትለው «ተይው» ብቻ ይላት ነበር።

በማግስቱ ሄደች። ኤኖስ ልብስ ሰፊ ነው፤ ደጁ ላይ ኮት ይጠግናል።

«ዳዲ ኤኖስ፣ ፓስተሩን ፈርተው ከሆነ በጆሮዬ ይንገሩኝ። እኔ እጠራዋለሁ።»

«ፓስተሩን አይደለም።»

«ታዲያ ቀብሩ ላይ ለምን ቀሩ? አንድ ቀን አብረውት ያልበሉ ሰዎች እንኳ አፈር አለበሱት!»

መርፌው ቆመ።

«በእኛ አገር ታላቅ ታናሹን አይቀብርም፣ ልጄ። መቃብሩንም አያይም።»

ሱዛና ካጠገቡ ተቀመጠች።

«የአንድ እናት ልጆች ነን። የባሪያ ሻጮቹ ወንድማማቾችን፣ አብረው እንዳያመልጡ፣ ይለያዩ ነበር። እንዳንለያይ ‹አላውቀውም በል› አልኩት። ገበያው ላይ አላውቀውም አልን፤ መርከቡ ላይ አላውቀውም አልን። እዚህ ስንወርድ ጸሐፊው ዘመድ እንዳለኝ ጠየቀኝ። ምላሴ ለምዶ ነበር። የለኝም አልኩ። እሱም እኔን አይቶ የለኝም አለ። ተጻፈ።»

«ሠላሳ ሰባት ዓመት ሙሉ?»

«መጀመሪያ ፈራን። ኋላ አፈርን። እሱ ግን ቦዬውን ይልክልኝ ነበር።»

«ተርቧል፣ ዳዲ ኤኖስ» አለችው።

ኤኖስ የሚጠግነውን የሰው ኮት አጣጥፎ አስቀመጠ።

«በጆሮሽ አልነግርሽም» አለ። «ነገ እመጣለሁ። ጉድጓዱ አጠገብ ቆሜ፣ ፌቢም እየሰማች፣ ፓስተሩም ቢሰማ፣ ወንድሜ ብዬ በስሙ እጠራዋለሁ።»

ከቁርጥራጮቹ መሃል አንድ ጥቁር ጨርቅ መረጠ። የሐዘን ምልክት አድርጋ እንድታስርለት ክንዱን ዘረጋላት።