የእማማ ውባንቺ ማሞቂያ

ደግሞ ጠፋ፣ ሽሮው ገና ሳይንተከተክ ምድጃውም አምፖሉም ድርግም፣ ሌላ ምን ሊሆን ነው፣ እማማ ውባንቺ ክፍል ያለው ማሞቂያ ነው እንጂ፣ በግድግዳው ግርጌ ከጥግ እስከ ጥግ የተጋደመው ነጭ ብረት፣ እሱና ምድጃው አብረው ከበሩ ብሬከሮቹ ይወርዳሉ፣ አንዱ መቅረት አለበት፣ ሁልጊዜ የምትቀረው ዝናሽ ናት።

ባሏ የኔሰው ነው ያስገጠመው፣ ሳያማክራት፣ እናቱን ከአገራቸው ከጽጽቃ ባመጣ ሰሞን፣ ሐኪሙ ሳንባቸው ጢስ አይችልም፣ ከሰልም እንዳታስጠጉባቸው ስላለ። ይሁን። ጢስ የለውም፣ አመድ የለውም፣ ሳላቸውም ቀንሷል፣ ይህን አትክድም፣ መካድ ብትችል ደስ ባላት። ግን አልጋው ከግድግዳ ይራቅ ተብሎ የሷ ቁም ሳጥን ኮሪደር ወጣ፣ የጋቢያቸው ጫፍ ነክቶት ተለበለበ፣ አየሩ ደረቀ፣ ጉሮሮዬን፣ ውኃ አምጪ ይላሉ፣ መብራት ሲሄድ ደግሞ ወዲያው በረዶ፣ ከሰል ቢሆን ረመጡ ይቆያል። ጣጣ ብቻ።

እሱ ምን ቸገረው፣ ሚኒባሱን ይዞ ወልድያ ነው፣ ልጆቹን ሳታበላ ቢሮ የምትሮጠው እሷ፣ ሲመለስ ደግሞ እናትና ልጅ በኽምጣና ያወራሉ፣ ይሳሳቃሉ፣ ለኔ ለላሊበላ ልጅ የማይገባ ቋንቋ፣ ስለኔ ነው፣ ስለኔ ባይሆን ለምን ያዩኛል።

የማሞቂያውን ብሬከር እንደወረደ ትተወዋለች፣ የቀረውን ትመልሳለች፣ እንደ ትናንቱ፣ እንደ ከትናንት ወዲያው። ሽሮው ይንተከተካል። የታኅሣሥ ጠዋት። ከክፍሉ ሳል። ይሳሉ፣ የኔን እግር ብርድ ማን ጠየቀኝ፣ ደግሞ ሳል፣ ይሄኛው ረዘመ፣ ቢሞቱስ፣ ምን አልኩ አሁን፣ ምን ዓይነት ሰው ሆንኩ

በሩን ትገፋለች። እማማ ውባንቺ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበው ተቀምጠዋል፣ መዳፋቸው የቀዘቀዘው ብረት ላይ። መብራት ሄደ እማማ፣ ትላለች እንደ ልማዷ። አሮጊቷ በትከሻዋ አሻግረው ያያሉ፣ የኮሪደሩ አምፖል ቦግ ብሎ በርቷል፣ ከዚያ በዚያ በሚሰባበር አማርኛቸው፣ ሳይቆጡ፣ ልጄ፣ ምግብሽን ሥሪ፣ እኔ እችላለሁ፣ ግን አጠፋሁት በይኝ፣ ሄደ አትበይኝ።

ፊቷ እስከ ጆሮዋ ይግላል። ያውቁ ነበር። እያወቁ ለየኔሰው አልነገሩትም፣ ነግረውት ቢሆን ቤቱን ባናወጠው፣ እሷ በማትሰማው ቋንቋ መሃል ስሟን ስትፈልግ የከረመችው በከንቱ ነው፣ ጥላቻው ግን አይለቅም፣ እንዲያውም ይብሳል፣ ቢሰድቧት ይሻላት ነበር።

አጠፋሁት፣ ትላለች።

እሺ፣ ይላሉ፣ ሲበስል መልሺው።

ትወጣለች፣ ሽሮው ገና ጥሬ ነው፣ ይቅር፣ ልጆቹ ደረቅ ዳቦ ይብሉ፣ ምድጃውን ታጠፋለች፣ የማሞቂያውን ብሬከር ወደ ላይ ትገፋዋለች፣ አዝና አይደለም፣ አይምሰላቸው፣ ያንን ሳል ዳግመኛ መስማት ስላቃታት ነው፣ አይምሰላቸው