መስፍን ኦቶካር የቀማው የሙሽራ መውጫ ዜማ

ልባም አንባቢ ሆይ፤ የጠገበ ሰው የተራበውን እንጀራ ሲቀማ ማየት ነፍስን ያጸይፋል፤ ቀምቶ ሲያበቃ ጣዕሙን ለባለቤቱ ሊያስተምር ሲነሣ ግን፣ እንኳን የሰውን ነፍስ የውሻንም ሆድ ያውካል።

ከዳኑብ ወንዝ ማዶ ክብሩ ከፍ ያለ፣ ሆዱም ከክብሩ የቀደመ ኦቶካር የሚባል መስፍን ነበረ፤ በቫዮሊን ጥበብ ጣቶቹ እጅግ ከመፍጠናቸው የተነሣ፣ በአውታሩ ላይ ልታርፍ የመጣች ዝንብ ተስፋ ቆርጣ ትመለስ ነበር። ይህ መስፍን ከአደን ሲመለስ፣ በሠረገላ የሚዞሩት የሮማኒ ሕዝብ ከሰፈሩበት ሜዳ ያንኮ የተባለው አረጋዊ ታላቅ ልጁን ሲድር በቫዮሊኑ የሚመታውን ዜማ ሰማ፤ በያንኮ ወገን ሥርዓት አባት በድንኳኑ ደጃፍ ቆሞ የአያቶቹን የመውጫ ዜማ ካልመታላት፣ ልጅ ተሰረቀች እንጂ ተዳረች አይባልምና። መስፍኑ ዜማውን በጆሮው ዘርፎ ሄደ፤ ሺህ መንቀጥቀጥና ሺህ መሽከርከር ጨምሮም ድሀዋን ዜማ እንደ ጥምቀት በቅሎ በጌጥ አስጨንቆ «ድንቅ ሥራዬ» አላት፤ መኳንንቱም በዝይ ሥብ የወዛ አገጫቸውን በሐር መሐረብ እየጠረጉ አለቀሱ። ከዚያም፣ ዜማውን ከእሱ በቀር የመታ ሰው ቫዮሊኑ እንዲወረስ ዐዋጅ አስነገረ።

የታናሺቱ ልጅ የዛምፊራ ሠርግ በደረሰ ጊዜ፣ ያንኮ ሄዶ እጅ ነሣ። መስፍኑ ሽቱ የጠጣ መሐረብ በአፍንጫው ላይ ይዞ፣

«ምን ፈለግህ፣ ሽማግሌ?» አለው።

«ጌታዬ፣ ዜማዬን ለአንድ ጧት ያውሱኝ። ልጄን ልሸኝበት።»

«ዜማዬን ትላለህ? አንተ የምታውቀው ጥሬውን ነው፤ ያበሰልሁት እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው ጥሬውን ይመልሱልኝ፣ ጌታዬ። የኛ ሆድ ለምዶታል።»

አሽከሮቹ ሳቃቸውን በመዳፋቸው አፈኑ፤ መስፍኑ ግን እንደ ተቀቀለ ቀይ ሥር ቀልቶ አስወጣው።

በሠርጉ ጧት ወታደሮች በድንኳኑ ደጃፍ ቆሙ። ዛምፊራም፣ «አባባ፣ ተወው ይቅር። ቫዮሊኑ ከሄደ በምን ትበላለህ?» አለችው።

«አንቺ ተሰርቀሽ ከምትሄጂ፣ እሱ ተወርሶ ይሂድ» አላት።

ሳይንቀጠቀጥ፣ ሳይሽከረከር፣ እንደ አያቶቹ ቀስ አድርጎ መታላት፤ እሷም እያለቀሰች ደጃፉን ተሻገረች። ዜማው ሲያበቃ አንዱ ወታደር ቫዮሊኑን ነጥቆ፣ መውረሱ አልበቃ ብሎት በጉልበቱ ሰበረው።

ወሬው ለመስፍኑ ሲደርስ ጸጸት ያዘው ብለህ እንዳትደክም፤ ደስ አለው እንጂ። በድንቅ ሥራው ፍጻሜ ላይ እንጨት ሲሰበር የሚመስል ምት ጨምሮ «የአባት ኀዘን» ብሎ ሰየመው፤ መኳንንቱም ከፊተኛው አብልጠው አነቡ፣ ከዚያም ወደ ጥብሱ ተመለሱ። ጨርቅ የሰረቀ እጁ ይታሰራል፤ የድሀ ልቅሶ የሰረቀ ግን ይጨበጨብለታል።